ማሳ መሃል ያለ ዋንዛ፦ «ልቁረጠው ወይ?» ላላችሁኝ

 

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ከጣና ዳር ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በቆሎው ወገብ ደርሷል፤ አረንጓዴነቱ ደስ ይላል። መሃል ላይ ግን አንድ ትልቅ ዋንዛ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው በቆሎ ቀጭን ነው፣ ወደ ቢጫነትም ይላል። ከፎቶው በታች እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ባለሙያ፣ ይሄ ዛፍ በቆሎዬን በላብኝ። ነጋዴም መጥቶ ጠይቆኛል። ልቁረጠው ወይስ ልተወው?»

ለሌላ ጥያቄ ቢሆን ወዲያው እመልስለት ነበር። ለዚህኛው ሦስት ቀን ዝም አልኩት። ይቅርታ ወንድሜ፤ ረስቼህ አይደለም። ይሄንኑ ጥያቄ አንድ ጊዜ በችኮላ መልሼ ስለማውቅ ነው። ዛሬ ያንን ልንገራችሁ።

2007 ዓ.ም. ነው። ሥራ የጀመርኩት ገና ነው፤ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ተመደብኩ። ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው መስመር ብቻ ነበር። በቆሎ በመስመር፣ ጤፍ በመስመር፣ ማዳበሪያ በመስመር። ገመድና ችካል ይዤ ከማሳ ማሳ ነበር የምዞረው። ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን ጥሩ መሬት ስፈልግ አንድ አዛውንት ሦስት ቃዳ መሬታቸውን ፈቀዱልኝ። ስማቸውን ልተወው፤ አያ እላቸዋለሁ፣ ድሮም የምጠራቸው እንደዚያው ነው። ማሳቸው ውስጥ ሁለት ዋንዛ ነበር፤ አንዱ ድንበር ላይ፣ አንዱ መሃል። የመሃሉ ገመዴን አጠመመብኝ።

«አያ፣ ይሄ ዛፍ ቢነሳ ጥሩ ነው። ጥላው በቆሎውን ያቀጭጨዋል፤ መስመሩንም ያበላሽብናል» አልኳቸው።

አያ ዛፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ዋንዛን እኮ ማንም አይተክለውም። ወፍ ይዘራዋል፣ ሰው ያቆየዋል። ይሄን አባቴ ናቸው ያቆዩት» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ተምሬ የመጣሁ ነኝ። ደጋግሜ ነገርኳቸው። በዚያ ላይ ሴት ልጃቸው ከተማ ቤት ተከራይታ ትማር ነበርና ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር። ነጋዴ መጣ፤ በሦስት ሺህ ብር ተስማሙ። ሁለት ሰዎች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው በመጋዝ ሲሰነጥቁት ሁለት ቀን ፈጀባቸው። የውስጡ እንጨት ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። የጣውላውን ስፋት ሳይ «ይሄ ሁሉ ከአንድ ዛፍ?» ብዬ መገረሜ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ስለ እንጨቱ አላሰብኩም።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። በዚያ ዓመት፣ ዛፉ የነበረበት ቦታ ላይ የበቀለው በቆሎ ከማሳው ሁሉ በለጠ። አገዳው ወፍራም፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፍሬው ሁለት ሁለት። እኔም አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ! ለጉብኝት የመጡትን ገበሬዎች «አያችሁ? ዛፉ ሲነሳ ምን እንደመጣ» አልኳቸው። በሁለተኛው ዓመትም ጥሩ ነበር። ከዚያ እየቀነሰ ሄደ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ቦታ ከሌላው ማሳ የማይለይ ሆነ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ዋንዛ ሰፋፊ ቅጠሉን በየዓመቱ ያራግፋል፤ ቅጠሉ እዚያው ይበሰብሳል። ሥሩ ከጥልቅ ያወጣውን በቅጠል አድርጎ መልሶ ላይ ያስቀምጠዋል። ከብቱ ከጥላው ሥር ይመሰጋል፣ እዚያው ይጥላል። ወፉም እንደዚሁ። በምዕራብ ኦሮሚያ በበቆሎ ማሳ ውስጥ በቆሙ ዋንዛዎች ሥር የተደረገ የአፈር ጥናት አለ፤ ከዛፉ ሥር ያለው አፈር ከዛፉ ከራቀው ይልቅ የዳበረ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ እኔ ፎቶ የተነሣሁበት በቆሎ ዛፉ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመውን ተቀማጭ ነበር የበላው። ተቀማጩ ሲያልቅ በቆሎውም ወረደ። እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ በተቃራኒው አስተምሬ ነበር።

የአያ ነገር በዚህ አላበቃም። አንድ ዓመት፣ እርሻ ሊጀመር ሲል፣ ቀንበራቸው ተሰበረ። ቀንበር እንዴት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ከብዶ በሬውን የማያደክም፣ ቀሎም ቶሎ የማይሰበር እንጨት ይፈልጋል። ድሮ ቢሆን ከዋንዛው አንድ ቅርንጫፍ አውርደው ራሳቸው ይጠርቡት ነበር። ድንበር ላይ የነበረውም በመሬት ክፍፍል ለወንድማቸው ልጅ ደርሶ ነበርና እጃቸው ላይ ምንም አልነበረም። ገበያ ወጥተው ገዙ። ስንገናኝ አልተቆጡኝም፤ «ቀንበር በገንዘብ ገዛሁ እኮ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ባሕር ዳር አንድ የቤት ዕቃ ቤት ገብቼ የዋንዛ አልጋ ዋጋ ጠየቅሁ። ከአያ ዛፍ የወጣ ነው አልልም፤ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል። ዋጋው ግን አያ በተቀበሉት ሂሳብ አራት ዛፍ የሚገዛ ነበር። አንድ አልጋ! ከአንድ ትልቅ ግንድ ስንት አልጋ እንደሚወጣ አናጢ ጠይቁ።

እኛ ቤት ያደግነው በዋንዛ መሃል ነው፤ አሁን ሳስበው ነው የገባኝ። እናቴ ቡና የምትወቅጥበት ሙቀጫ ዋንዛ ነበር፤ ዘነዘናው ግን ከከባድ እንጨት ነው። በርጩማው ዋንዛ። የአባቴ ጠፍር አልጋ እግሩም ጠርዙም ዋንዛ። እንግዳ ሲመጣ የሚወጣው ገበታ ዋንዛ። የውጭው በር ሁለት ጣውላ ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ በር ለመሥራት ስንት ጣውላ እንደሚያያይዙ ታውቃላችሁ። የዋንዛ እንጨት ለመጥረቢያና ለመሮ ይታዘዛል፣ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ምስጥም እንደ ሌላው በቀላሉ አይደፍረውም። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ከተቦረቦረ የዋንዛ ግንድ ነው የሚሠራው፤ ቆዳው ቢያልቅ ይቀየራል፣ ግንዱ ግን ዕድሜ አለው። በገና የሚሠሩ ሰዎችም የሚፈልጉት ይሄንኑ እንጨት ነው። የንብ ቀፎም ከግንዱ ቦርቡረው የሚሠሩ አሉ።

ፍሬውንማ ማን ይረሳል! ከብት ስንጠብቅ በበጋ ዋንዛ ሥር ነበር የምንውለው። ቢጫ ሆኖ የበሰለውን እየለቀምን፣ ጣታችን እስኪጣበቅ። ፍሬው ይዝለገለጋል፣ ይጣፍጣል፤ ደብተር የተቀደደበት ልጅ በዚያው ያጣብቅ ነበር። ክረምት ሲወጣ ደግሞ ዛፉ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲያብብ ንቡ ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል። ንብ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ለእናንተ መንገር የለብኝም።

ይሄ ዛፍ ታዲያ የት ሄደ? ከባሕር ዳር ወጣ ብላችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ሂዱና ቁጠሩ። ባሕር ዛፍ አለ። ጫት አለ። ወደ አዊ ስትወጡ ዲከረንስ ኮረብታውን ሞልቶታል። አልፈርድም፤ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ገንዘብ ያመጣል፣ ዲከረንስም ከሰሉ ብዙ ቤት አቁሟል። ዋንዛ ጣውላ እስኪሆን ግን ብዙ ዓመት ይጠብቃል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የምንቆርጠው ያለውን ነው፣ የሚተካው ግን የለም። አያ እንዳሉት ወፍ ይዘራዋል። ወፍ የዘራውን ግን በእርሻ እንገለብጠዋለን፣ ከብት ይግጠዋል፣ በአረም ጊዜ ከአረሙ ጋር እንነቅለዋለን። እኔ ራሴ ስንቱን እንደነቀልኩ እግዜር ይወቀው።

ዋንዛ እንዳለ ማየት የሚፈልግ ዘጌ ይሂድ። ከባሕር ዳር በጀልባ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚያ በገዳማቱ ዙሪያ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም በኩል፣ ቡናው ከዛፍ ሥር ነው ያለው፤ ዋንዛ አለ፣ ሰሳ አለ፣ ብርብራ አለ። ብርብራን በጣና ዓሣ አጥማጆች ድሮ የሚያውቁት በሌላ ነገር ነው፤ ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ውስጥ በትነው ዓሣ ያሰክሩበት ነበር። (አሁን እንዳትሞክሩት፤ ትንሹንም ትልቁንም ነው የሚጨርሰው።) ዘጌ በበሬ አይታረስም፤ በአባቶች ሥርዓት ተከልክሎ የቆየ ነው። ዛፉ የተረፈው ለዚህ ነው። እዚያም ቢሆን ችግር የለም ማለት አይደለም፤ ቡናው ሲከስር ሰው ፊቱን ወደ ማገዶ ያዞራል፣ ማገዶውም በታንኳ ተጭኖ ለከተማው ይሸጣል። ጣና ከነዳርቻው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። እኔ አያን ዛፍ ያስቆረጥኩበት ዓመት መሆኑን ሳስብ ያሳፍረኛል።

በደቡብ ጎንደርም የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ለማዳን ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ ያጠሩ አጥቢያዎች አሉ። ሥራውን ከገፉት አንዱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው፤ «እመጓ»ን የጻፉት ማለት ነው፣ ብዙዎቻችሁ በመጽሐፉ ነው የምታውቋቸው። ድንጋዩ ገበሬው ከማሳው የለቀመው ነው። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑ ከከብት ተጠበቀ። ካቡ ውስጥ ችግኝ መልሶ መብቀል ሲጀምር ማየት ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ነጋዴ ለጠየቃችሁ ሰዎች ይሄ ያስፈልጋችኋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት የአገር ዛፎችን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል፤ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አዋጁ ሁለት ጊዜ ተተክቷል። በራስ ይዞታ ላይ ያለው ዛፍ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቢሆንም ጣውላው መንገድ ላይ ሲወጣ ፈቃድ ይጠየቃል። ነጋዴው «ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ» ቢላችሁ ወረቀቱን አሳየኝ በሉት። ከመቁረጣችሁ በፊት ወረዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መንገድ ላይ ከተያዘ በኋላ ዋጋው ላይ መከራከሪያ የላችሁም።

በዓለም ላይ እንደ ዋንዛ በጥቅሙ ብዛት የሚጎዳ ዛፍ ብዙ ነው። እዚሁ ዘጌም የሚገኘው ጥቁር እንጨት ቅርፊቱ ለወንዶች የፕሮስቴት መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ከካሜሩንና ከማዳጋስካር በጭነት ወደ አውሮፓ ሲላክ ኖሯል። ቅርፊቱን ዙሪያውን ሲልጡት ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። በዚህ የተነሣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። የእኛ ዋንዛ እንደዚያ በመርከብ አልሄደም፤ እዚሁ አልጋና በር ሆኖ ነው ያለቀው።

እሺ፣ አሁን ፎቶ ወደላከልኝ ወንድም ልመለስ። በቆሎህ መቀጨጩ እውነት ነው፤ ጥላ የበዛበት በቆሎ ይቀጭጫል፤ ይሄን አልክድም። ያኔ ለአያ ልነግራቸው የሚገባኝና ያልነገርኳቸው ግን ዛፉን መመልመል እንደሚቻል ነው። ዋንዛ ምልመላ ይችላል፤ ቅርንጫፉን ብታወርድበት መልሶ ያወጣል። ዋናው ምልመላ እርሻ ከመጀመሩ በፊት፣ በግንቦት ግድም ቢሆን ነው ጥሩ። ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች አውርድ፣ መሃሉን አሳሳው፤ ጫፉን ግን አትንካ፣ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲሄድ። የምትቆርጠው ከግንዱ ጋር አስጠግተህ በስለታም መጋዝ ይሁን፤ በመጥረቢያ ተዘንጥሎ የተቀደደ ቁስል ውኃ ያስገባል፣ ግንዱም ከውስጥ ይበሰብሳል። ያኔ ዛፉ ቢያድግም ጣውላው ዋጋ የለውም። ቅርንጫፉ ማገዶ ይሆንሃል፣ ቅጠሉን ከብት ይበላዋል። ዘንድሮ በቆሎው ወገብ ስለደረሰ ብዙ አታውርድ፤ በጣም ያጠሉትን ሁለት ሦስት ዝቅ ያሉ ቅርንጫፎች ብቻ ጥንቃቄ አድርገህ አንሣ። ቢጫነቱ ደግሞ የጥላ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ውኃ ተኝቶበት እንደሆነ እየው፣ በፎቶው ጥግ ላይ ቦዩ የተደፈነ መስሎኛል።

ከሥሩም ጎንበስ ብለህ እይ። በዚህ ወቅት የወደቀው ፍሬ ወፍ ዘራሽ ችግኝ ሆኖ ይገኛል። ጣት የሚያህሉትን ከነአፈራቸው በአካፋ አንሥተህ፣ ሥራቸውን ሳታራቁት፣ ዝናቡ እያለ ወደ ድንበርና ወደ ጓሮ አዛውራቸው። ቡና ያላችሁማ ቡናው መሃል ትከሉት፤ ከዋንዛ የተሻለ የቡና ጥላ ብዙ አላየሁም። ከተከላችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሁለት በጋ ወሳኝ ነው፤ እሾህ እጠሩለት። ፍየል አንድ ጊዜ ከቀመሰው አበቃ።

ከዘር ማፍላት የምትፈልጉ ደግሞ በጋ ላይ ፍሬው ቢጫ ሲሆን ልቀሙ። ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ፤ ግንዳቸው ቀጥ ካለ ከአራት ከአምስት ዛፎች ይሁን። ጠማማ ዛፍ ለመውጣት ስለሚመች ሰው ሁልጊዜ ከጠማማው ነው የሚለቅመው፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ አውቃለሁ። ፍሬውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ከአሸዋ ጋር እሹት፣ ዝልግልጉ እስኪለቅ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ሌላ ማፍላት፣ መፋቅ አያስፈልገውም። መደብ ላይ ወይም ፕላስቲክ ውስጥ ዘርታችሁ ማጠጣት ነው። የሚያሸንፈን ትዕግሥት ነው፤ ለመብቀል ከ40 እስከ 60 ቀን ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ዓመት እኔ በሠላሳ ቀኑ «ዘሩ አይሠራም» ብዬ መደቡን ገልብጬ ጎመን ዘራሁበት። ከጎመኑ መሃል ዋንዛ በቀለልኝ። አንዷ ፍሬ ውስጥ ከአንድ በላይ ዘር ስለሚኖር መንታ ሆኖ ሊበቅል ይችላል፤ ጠንካራውን ትታችሁ ሌላውን ንቀሉ።

የአያን ነገር ሳልጨርስ። ጉቶውን ነቅለው ሊጥሉት አስበው ነበር፣ ሰው ጠፋና ቀረ። በሁለተኛው ክረምት ከጉቶው ዙሪያ ሰባት ቀምበጥ አቆጠቆጠ። እኔ ይሄን ያየሁት የቀንበሩን ነገር ከነገሩኝ በኋላ ነው፤ ሄጄ አብረን ስድስቱን ቆረጥን፣ ቀጥ ያለውን አንዱን ተውን፣ በእሾህ አጠርነው። በየዓመቱ በግንቦት እመለምልላቸዋለሁ፤ ማንም ያዘዘኝ የለም። መስመሬ አሁን እዚያ ቦታ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል። ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ስሄድ አብቦ አገኘሁት፤ ቁመቱ ከእኔና ከአያ ድምር ይበልጣል። አያ ዓይናቸው ደክሟልና አበባውን በደንብ አያዩትም። «ንብ አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። አለበት አልኳቸው።

ወንድሜ፣ ለነጋዴው ምን እንደመለስክለት አልጻፍክልኝም። ነገ ጠዋት ቦዩን ክፈት፣ ከዛፉ ሥር ያሉትን ወፍ ዘራሾች ቁጠርና ቁጥሩን ላክልኝ። ከአሥር በላይ ከሆኑ ሁለቱን ለአያ ልወስድላቸው እፈልጋለሁ፤ ለወንድማቸው ልጅ ድንበር።